ሲገቡ አየሁ

ልጆችን የሚያስቅ፣ ምስጢርም የሚያሳድድ ተከታታይ መጽሐፍ እጽፋለሁ ብዬ ከአዲስ አበባ አርብ ገበያ የገባሁ ዕለት፣ ሻንጣዬን ከትከሻዬ ሳላወርድ አንዲት የሰፈራችን እናት "የሌባ መጽሐፍ ልትጽፍ መጣህ አሉ" ብለው ተቀበሉኝ። ለማንም አልተናገርሁም። ለእህቴ ብቻ በስልክ ነግሬያት ነበር። እህቴም ለማንም አልተናገረች፤ ለእናቴ ብቻ። እናቴም ለማንም አልተናገረች፤ ቡና ላይ ብቻ ነው ያነሣችው።

ዕቅዴን መጠርጠር የነበረብኝ ያኔ ነው። ወሬ አንድ ጀበና እስኪፈላ በማይታገሥበት አገር ምስጢር ልጻፍ ማለት፣ ዓሣ ላጥምድ ብሎ ጉና ተራራ ላይ እንደ መውጣት ነው። አርብ ገበያ፣ ለማያውቃት፣ በደቡብ ጎንደር የታች ጋይንት ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ስሟ እንደሚናገረው ከገበያ የተወለደች ናት። በገበያው ዕለት ሰው ሁሉ ሰውን ሁሉ ያያል፤ ማን ምን ይዞ እንደ ወጣ፣ በስንት እንደ ሸጠ፣ ብሩን በየትኛው የነጠላ ጫፍ እንደ ቋጠረ ከቀትር በፊት ይታወቃል። እንግዲህ "ማን ወሰደው?" የሚል መጽሐፍ የምጽፈው እዚህ መሐል ተቀምጬ ነው።

ሐሳቡ ግን ክፉ አልነበረም። ለልጅ የሚሆን የአማርኛ መጽሐፍ ሲባል አብዛኛው ተረት ነው፤ አንበሳ፣ ጦጣ፣ ጅብ። አባባ ተስፋዬ ከአርባ ዓመት በላይ በቴሌቪዥን ሲተርኩ የሰማ ትውልድ በተረት አይታማም። የወንጀል ምርመራም ቢሆን አዲስ አይደለም፤ ይልማ ሀብተየስ ለአዋቂ ጽፈውታል፣ ማሞ ውድነህም የስለላውን ዓለም እየተረጎሙ አስነብበውናል። በመሐል ያለው፣ ዘጠኝና ዐሥር ዓመት የሞላው አንባቢ ግን ለጦጣዋ ትልቅ፣ ለሬሳው ትንሽ ሆኖ ቀርቷል። እኔ ያሰብሁት ለእሱ ነው፤ ሬሳ የሌለበት፣ አጫጭር ምዕራፍ ያለው፣ አንዱ ሲያልቅ ሌላው የሚቀጥል መጽሐፍ።

ይህን ክፍተት ካዩት አንዱ ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ ናቸው። ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ በቤተ መጻሕፍት የልጆች ክፍል ሲሠሩ ለሐበሻ ልጆች የሚያውሱት የአማርኛ መጽሐፍ ቢያጡ፣ የቂሉን ማሞ ተረት በ2002 እ.ኤ.አ. በአማርኛና በእንግሊዝኛ አሳተሙ። ኋላም አገር ቤት ተመልሰው፣ ሐዋሳ ላይ መጽሐፍ በአህያ ጋሪ እያስጫኑ ልጆች ዘንድ አደረሱ። የውጭ ጋዜጠኞች ተደነቁ። ለእናቴ ስነግራት ግን ምንም አልደነቃት። "ታዲያ በምን ሊያደርሱ ኖሯል?" አለችኝ። በቤታችን በአህያ ያልመጣ ነገር ቢኖር እኔ ነኝ።

መርማሪዎቼን እህትና ወንድም አደረግኋቸው። ስም ፍለጋ አልደከምሁም፤ የአገራችን ስም አውጪ ሥራዬን ቀድሞ ሠርቶልኛል። ልጅቱ ማስተዋል፣ ልጁ ይታያል። ከዚህ የበለጠ የመርማሪ ስም የትም አይገኝ። በዚሁ ተደፋፍሬ ተጠርጣሪውን ማንያዘዋል አልሁት።

እዚህ ላይ ተሳሳትሁ። ማታ ማታ መደብ ላይ ተደርድረው የሚያዳምጡኝ ስድስት ልጆች ነበሩ፤ የእህቴ ልጆችና የጎረቤት። የመጀመሪያውን ገጽ ሳልጨርስ የስምንት ዓመቱ እጁን አወጣ።

"ጋሼ፣ ሌባው ማንያዘዋል ነው።"

"እንዴት አወቅህ?"

"እናትዬዋ ስሙን ስታወጣለት አውቃለች።"

ሌሊቱን ተቀምጬ ማንያዘዋልን ንጹሕ ሰው አደረግሁት። አሁን በመጽሐፉ ውስጥ እስከ መጨረሻው ምዕራፍ የሚጠረጠር፣ በስሙ የተነሣ ብቻ የሚንገላታ ምስኪን ባለ ሱቅ ነው።

ቀጥሎ ውሻ አስገባሁ። ኮናን ዶይል በ1892 ባወጣው አንድ የሼርሎክ ሆልምስ ታሪክ ውስጥ፣ ፈረሱ በሌሊት ከጋጣው ሲወጣ ውሻው አልጮኸም፤ ሼርሎክም ከዚህ ተነሥቶ ፈረሱን ያወጣው ውሻው የሚያውቀው ሰው ነው ይላል። ዓለም ያጨበጨበለትን ይህን ብልሃት ወደ ጋይንት አምጥቼ አነበብሁላቸው። ዝም አሉ። ከዚያ ዐሥር ዓመት የሞላት የእህቴ ልጅ፣ "እና የማያውቀው ሰው ከየት ይመጣል?" አለች። እውነቷን ነው። የእናቴ ውሻ ከመጣሁ ጀምሮ የጮኸው በእኔ ላይ ብቻ ነው። በሼርሎክ ስሌት ከአርብ ገበያ ሕዝብ መካከል ንጹሕ ሰው እኔ ብቻ ነኝ።

ከጀርመንም ለመበደር ሞክሬያለሁ። ኤሪሽ ኬስትነር በ1929 ባሳተመው መጽሐፍ ኤሚል የሚባል ልጅ፣ እናቱ ለአያቱ የላከችውን ብር ኮቱ ውስጥ በመርፌ ወግቶ ባቡር ይሳፈራል፤ እንቅልፍ ሲጥለው አብሮት የተሳፈረ ሰው ይሰርቀዋል። በርሊን ላይ የልጆች ጭፍራ ሌባውን ተከታትሎ ባንክ ቤት ያስይዘዋል። ማስረጃው ብሩ ላይ የቀረው የመርፌ ቀዳዳ ነው። ግሩም ነው። በእኛ አገር ግን ብር በመርፌ አይወጋም፤ በመቀነት ይቋጠራል። እንግዲያስ ማስረጃው የቋጠሮ ጭምድድ ይሁን አልሁ። ልጆቹ ሳቁ። ከገበያ የሚመለስ ብር ያልተጨማደደ የትኛው ነው? እንዲያውም መጠርጠር ያለበት ያልተጨማደደ ብር የያዘው ነው።

በኋላ ሳስበው የልጅ መርማሪ ከበርሊን መበደር አልነበረብኝም። ድሮ በአገራችን ሌባ ሻይ የሚባል ሥርዓት ነበር። (ይህን ለልጆቹ ስነግራቸው "ሌባ ሻይ ይጠጣል እንዴ?" አሉኝ። የሻይ ቅጠሉ አይደለም፤ ሌባ የሚሻ፣ የሚፈልግ ማለት ነው።) ዕቃ ሲጠፋ ሌባ ሻዩ ይጠራል፤ አንድ ትንሽ ልጅ መድኃኒት ይጠጣል፤ አእምሮውን ስቶ ሲንገዳገድ ወገቡን በገመድ ይዘው ይከተሉታል፤ ገብቶ የወደቀበት ቤት ጌታ ሌባ ተብሎ ይከፍላል። መርማሪው ራሱን ስቶ ይመረምራል፤ ምስክር የለ፣ ማስረጃ የለ። ግፍ ነበርና ቀረ፤ ለልጁም ለቤቱ ጌታም እሰይ። ለእኔ ለጸሐፊውም አይበጅም፤ መጽሐፉ በሦስት ገጽ ያልቃል።

ዓይኔን የገለጠልኝ አውጫጭኝ ነው። በአውጫጭኝ ያገሬው ሰው ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፤ የቀረ ይቀጣል፤ የመጣም ነገሩ እስኪወጣ ድረስ ቤቱ አይመለስም። እርሻው ይጠብቃል፣ ከብቱ ይጮኻል። የሚያውቅ ሰው "እኔ አየሁ" አይልም፤ ጠላት ማፍራት ነዋ! ወፍ ነገረችኝ ይላል። ልብ በሉ፤ ያ ሁሉ ሰው ፀሐይ ላይ የሚውለው ሌባው ስላልታወቀ አይደለም። ሳይታወቅ አይቀርም። ያልታወቀው መጀመሪያ አፉን የሚከፍተው ማን እንደሆነ ነው። የእኔም መጽሐፍ ጥያቄ ይኸው መሆን ነበረበት፤ አጉሊ መነጽሬን ለልጆቹ ሰጠኋቸው፣ ገለባ አቃጠሉበት።

ከዚያ በኋላ ጉዳዩን ከራሴ ዕድሜ ወሰድሁ። ልጅ ሳለሁ ለገበያ የተዘጋጀ አንድ የቅቤ ቅል ከጓዳችን ጠፍቶ ነበር፤ እኔ በልምጭ ተገርፌበታለሁ። አልወሰድሁም። ቅሉም ሳይገኝ ቀረ። እንግዲህ የመጀመሪያው መጽሐፍ "የጠፋው የቅቤ ቅል" ሆነ።

ቅቤው ብቻውን ብዙ ሥራ ሠራልኝ። የጠፋው አርብ ነው፤ አርብ ደግሞ ጾም ነው። ስለዚህ ያንን ቅቤ የላሰ ሰው አንድ ጥፋት ሳይሆን ሁለት ነው ያለበት፤ ስርቆቱን ቢያምን እንኳ ጾም መሻሩን አያምንም። "በዓለ ሃምሳ ነው በልና ይላሰው" ብሎ የስምንት ዓመቱ መፍትሔ አቀረበልኝ፤ ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ አርብ እንደማይጾም ያውቃል። አልተቀበልሁትም። ኃጢአት የሌለበት ቅቤ ምን ይጣፍጣል? "እንግዲያው መርማሪዎቹ ቅቤ ቅቤ የሚሸት ሰው ይፈልጉ" አልሁ። ስድስቱም ወደ ራሳቸው ፀጉር አመለከቱ። ለገበያ ቀን ያልተቀባ አንድም አልነበረም።

ትልቁ መከራዬ ግን ቋንቋው ነበር። አማርኛ አሳባቂ ነው። እንግሊዝኛ ጸሐፊ "አንድ ሰው ገብቶ ወሰደ" ሲል ግሡ ወንድ ይሁን ሴት አያወራም። እኔ "በሩ ተከፈተ፤ አንድ ሰው ገባ" ብዬ ስጽፍ ልጆቹ ሴቶቹን ሁሉ ወዲያው ነጻ ለቀቁ። "ገባች" ብል ወንዶቹ ሊሄዱ ነው። በአንዲት ፊደል የተጠርጣሪዎቼ ግማሽ ወደ ቤቱ ይመለሳል። "ቅሉ ተወሰደ" እያልሁ ለሁለት ምዕራፍ ያህል አድራጊ በሌለው ግስ ተደበቅሁ። የእህቴ ልጅ አልማራችኝም። በደኅና ቀን "አንተ" ትለኛለች፤ ስትታዘበኝ ወደ "እርስዎ" ትሻገራለች። "ጋሼ፣ እርስዎ ሌባውን ይፈሩታል እንዴ?" አለችኝ።

መፍትሔው ከዚሁ "እርስዎ" ወጣ። "ገቡ" የሚለው ቃል ሁለት በር አለው። ብዙ ሰዎች ቢሆኑ ገቡ ይባላል፤ አንድ የተከበረ ሰው ቢሆንም ገቡ ይባላል። ሦስት ሽፍታም አንዲት ባልቴትም በአንድ ግስ ይገባሉ! ይህን ያገኘሁ ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ ኮናን ዶይልን በአንድ ፊደል የበለጥሁት መሰለኝ።

ታሪኩ እንዲህ ሆነ። የማስተዋልና የይታያል ታናሽ ወንድም አራት ዓመቱ ነው። ቅሉ በጠፋ ጊዜ ጓዳ ውስጥ የነበረው እሱ ብቻ ነው። ሲጠየቅ "ሲገቡ አየሁ" ይላል፤ ከዚያ በኋላ አንዲት ቃል አይጨምርም። የአራት ዓመት ልጅን ሁለተኛ የሚጠይቅ የለምና አገሩ ሁሉ ብዙ ሌቦች ፍለጋ ይወጣል። ከስማዳና ከእስቴ የመጡ ነጋዴዎች ይጠረጠራሉ፤ የቆሎ ተማሪዎች ይጠረጠራሉ፤ ማንያዘዋልማ ገና ስሙ ሲጠራ ይጠረጠራል። በሰባተኛው ምዕራፍ ማስተዋል ሁለት ነገር ታስተውላለች። አንደኛ፣ የትንሹ ከንፈር ያብረቀርቃል፤ በአርብ ቀን ቅቤ የተፈቀደለት በቤቱ እሱ ብቻ ነው። ሁለተኛ፣ ልጁ ጨዋ ነው፤ ታላቁን በሙሉ አንቱ ይላል። የገቡት አያታቸው ነበሩ። ቅቤው ለልጅ ልጃቸው ክርስትና ይቆያል እንጂ አይሸጥም ብለው ሸሸጉት፤ ለትንሹ አንድ ጉራሽ አቅምሰው አፉን ያዙት፤ ፍለጋው ሲጦፍ ደግሞ "እኔ ነኝ" ማለት አሳፈራቸው። ልጁ ባለጌ ሆኖ "ስትገባ አየኋት" ቢል ኖሮ መጽሐፉ በምዕራፍ አንድ ያልቅ ነበር።

የጣት አሻራንም አልተውሁትም፤ እሱንም ያቃናችልኝ የእህቴ ልጅ ናት። "መርማሪዎቹ የሌባውን አሻራ አገኙ" ብዬ ሳነብ፣ "ፈርሟል ማለት ነው?" አለችኝ። ለእሷ አሻራ ማለት አያቷ የመሬት ደብተር ሲቀበሉ ያተሙት አውራ ጣት ነው። ሼርሎክ ለንደን ውስጥ ይህን መልስ ቢሰማ ፒፓው ይወድቅበት ነበር። እኔ ግን ወዲያው ወደ ታሪኩ አስገባሁት። አያትየው ሰው በከንቱ መታማቱ ሲያሳዝናቸው ደጅ ላይ አንዲት ወረቀት ይጥላሉ፤ "ፀሐይ ሳትጠልቅ ይገኛል፤ ሰው አትጠርጥሩ" የምትል። ስም የለባትም። ግን ከግርጌዋ በምጣድ ጥላሸት የታተመ አውራ ጣት አለ፤ ምክንያቱም አሻራ የሌለበት ወረቀት በእሳቸው ዘንድ ወረቀት አይደለም።

ወረቀቷን የጻፈው ማን ነው? አያትየው ፊደል አልቆጠሩም። እዚህ ላይ ከጋይንት ሰው በቀር ማንም የማይጽፈው ማስረጃ አገኘሁ። አገሩ የድጓው ቤተልሔምና የዝማሬ መዋሥዕቱ ዙር አባ ያሉበት ነው፤ ከየአቅጣጫው የመጣ ተማሪ ለዓመታት የሚንከራተትበት። ድጓ የተማረ ሰው ፀሐይን በፀሐዩ ፀ እና በሐመሩ ሐ ነው የሚጽፈው፤ በሌላ ቢጽፍ መምህሩ በሕልሙ ይመጡበታል። የማንያዘዋል የዱቤ ደብተር ላይ ደግሞ ፀሐይ የምትባል ደንበኛ "ጸሀይ" ተብላ ተመዝግባለች። ይታያል ሁለቱን ጎን ለጎን ሲያስቀምጥ ባለ ሱቁ ነጻ ይወጣል፤ ማስተዋልም ያንን ወረቀት የጻፈላቸውን የቆሎ ተማሪ አፈላልጋ ታገኛለች። በመቶ ሃያ ገጽ ውስጥ ከምኮራበት ሁሉ የምኮራበት ይኸ ነው።

ረቂቁን አዲስ አበባ ለአንድ አሳታሚ ሰጠሁ። አራሚው ትጉህ ሰው ናቸው። ከሁለት ወር በኋላ ሲመልሱልኝ ሞክሼ ፊደላቱን ሁሉ "ወጥ አድርገዋቸዋል"፤ ወረቀቷም የዱቤ ደብተሩም እኩል "ጸሀይ" ብለው ቁጭ ብለዋል። ይታያል ሁለት አንድ ዓይነት ቃል ጎን ለጎን አስቀምጦ "አያችሁ ልዩነቱን!" ብሎ ይጮኻል። ደወልሁላቸው። "ልጅ ምን ይለየዋል ብለው ነው?" አሉኝ። መልሼ በእጄ እያንዳንዷን አረምሁ። ሦስት ቀን ፈጀብኝ።

ምዕራፍ የት እንደሚቆረጥ ግን ከማንም አልተማርሁም። እኛ ቤት ተረት የሚቆመው ላምባው ሲያልቅ ነበር። ጅቡ በሩን ሊከፍት እጁን ሲዘረጋ ኩራዙ ድርግም ይላል፤ አያቴም "በሉ ተኙ፤ የቀረው ነገ" ይላሉ። አሁን መብራት ገብቶ ልጆቹ "ቀጥል" ሲሉኝ እናቴ ተነሥታ ታጠፋዋለች። ልብ አንጠልጣይ የሚባለው ሁሉ ከዚያች ኩራዝ የወጣ ነው።

ባለፈው፣ ሁሉም ካለቀ በኋላ፣ ለእናቴ ብቻዋን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበብሁላት። በማንያዘዋል ሳቀች፤ በውሻው ሳቀች። "ሲገቡ አየሁ" የሚለው ላይ ስደርስ ብድግ አለች።

"ቡናው ሊገነፍል ነው።"

እሳት ላይ ቡና አልነበረም። ቆይታ ተመልሳ ተቀመጠች።

"እሳቸው ናቸው ብሎ የነገረህ ማነው?" አለችኝ። አያቴን ማለቷ ነው፤ የአባቴን እናት፤ ካረፉ ስንት ዘመናቸው።

"ማንም አልነገረኝ። ፈጥሬው ነው። እና እሳቸው ነበሩ?"

"የታናሽ እህትህ ክርስትና ላይ ያን ሁሉ ቅቤ ከየት አገኘን መሰለህ?"

"ያን ጊዜ ታውቂ ነበር?"

"አገር ያውቅ የለም እንዴ!"

"ታዲያ እኔን ለምን ገረፍሽኝ?"

"እሳቸውን ልግረፍ?" አለችኝ።

ሁለተኛውን መጽሐፍ ጀምሬያለሁ። የሚጠፋው በግ ነው፤ የሚጠፋውም ለገና ዋዜማ ነው። አርብ ገበያ ሳልመለስ ማን እንደ ወሰደው ሰፈሩ እንደሚደርስበት አውቃለሁ። ወገኖቼ፣ አንድ ነገር ብቻ ልለምናችሁ፦ ምዕራፍ ስምንት እስኪደርስ ለልጆቹ አትንገሩብኝ።